ሙቀትን የተሸከሙ ራዲዮዎች በጎጃም ደጋ
(በራዲዮ ከተነገሩ ንግግሮች)



ዛሬ ልናወሳላችሁ ያሰብነው ታሪክ የአንዲት ትንሽ ሣጥን ታሪክ ነው። ይህች ሣጥን በበቅሎ ጀርባ፥ በወታደር ትከሻ፥ ኋላም በሰው መዳፍ ተይዛ ቃልን ከተራራ ወደ ተራራ የምታሻግር መገናኛ ራዲዮ ናት። በሥራ ላይ ሳለች ከሆዷ ሙቀት ትወልዳለች። ይህን ሙቀት ማን ይሸከመው፥ በምንስ መንገድ ይውጣ የሚለው ጥያቄ ለሰሚው ቀላል ይመስላል። ይሁን እንጂ መልእክት በተፈለገበት ሰዓት ደረሰ ወይም ቀረ የሚባለው ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ስለ ሆነ፥ ነገሩን ከሥሩ መመልከት ይገባል።

ታሪኩን ከጎጃም እንጀምር። በ1932 ዓ.ም. ክረምት፥ በነሐሴ ወር፥ ኮሎኔል ዳንኤል ሳንድፎርድ የሚመሩት «ተልእኮ 101» የተባለው አነስተኛ ጓድ ከሱዳን ተነሥቶ ወደ ጎጃም ገባ። የንጉሠ ነገሥቱ መልእክተኛ ሆነው አዛዥ ከበደ ተሰማ አብረው ነበሩ። የጓዱ ተግባር በዱር በገደል ጠላትን ሲዋጉ ከቆዩት አርበኞች ጋር መገናኘት፥ እነ ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬንና ደጃዝማች ነጋሽ በዛብህን ማስማማት፥ የጠላትንም ኃይል እያጠና ወደ ካርቱም ማስታወቅ ነበር። ሰፈሩንም ፋጉታ በተባለው ደጋ ላይ አድርጎ ከካርቱም ጋር በራዲዮ ይላላክ ነበር። በኅዳር ወር 1933 ዓ.ም. ሻለቃ ኦርድ ዊንጌት በአውሮፕላን ወደዚያው መጥቶ ከሳንድፎርድ ጋር ተመካከረ። ጥር 12 ቀን ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በኦሜድላ በኩል ድንበሩን ተሻግረው ሰንደቅ ዓላማችንን ሰቀሉ፤ መጋቢት 28 ቀን ደብረ ማርቆስ፥ ሚያዝያ 27 ቀንም አዲስ አበባ ገቡ።

ይህን የዘመን ቅደም ተከተል ተማሪ ሁሉ ያውቀዋል። ነገር ግን በዚያ ዘመን ከደጋ ላይ ሆኖ በራዲዮ መናገር ምን ያህል ሸክም እንደ ነበረ የሚያስታውስ ጥቂት ነው።

የዚያ ዘመን ራዲዮ የሚሠራው በመስተዋት አምፑል ነበር። የራዲዮ አምፑል እንደ ቤት አምፑል በውስጡ ቀጭን ክር አለው፤ ክሩ በኤሌክትሪክ ካልጋለ በቀር አምፑሉ ሥራ አይሠራም። እንግዲህ ያ ራዲዮ ገና አንዲት ቃል ሳይናገር አስቀድሞ ሙቀት መብላት ነበረበት ማለት ነው። በቤት ውስጥ ራዲዮ የሚገባ አንድ ተራ አምፑል ክሩን ለማጋል ብቻ ወደ 2 ዋት ያህል ይፈጅ ነበር። ለተንቀሳቃሽ ራዲዮ ተብሎ በኋላ የተሠራው ቆጣቢ አምፑል ፍጆታው ከአንድ ዋት አንድ አሥረኛ እስከማይሞላ ድረስ ዝቅ ብሎለት ነበር፤ መላኪያው አምፑል ግን ሩቅ አገር ይደርስ ዘንድ ብዙ ኃይል ይጠይቅ ስለ ነበር ቁጠባው በእርሱ ላይ ብዙም አልሠራም።

ታዲያ ይህ ሁሉ ሙቀት ከየት ይመጣል? ከባትሪ ነው። ባትሪውስ በምን ይሞላል? በእጅ በሚዞር ጄኔሬተር ወይም በቤንዚን በሚሠራ ሞተር ነው። ሞተሩንና ቤንዚኑን ማን ይሸከማል? በቅሎ ወይም ግመል ነው። እንዲህ ሆኖ በመስተዋቱ ውስጥ የሚግለው ቀጭን ክር ሸክሙ በመጨረሻ በከብት ጀርባ ላይ ያርፍ ነበር። ራዲዮው ራሱ ከሚመዝነው ይልቅ እርሱን የሚያሞቀው ዕቃ ይከብድ ነበር ብንል ከእውነት አንርቅም።

የከብቶቹንም ዕጣ ታሪክ አልረሳውም። ከሱዳን በረሃ ተነሥቶ ለዚያ ዘመቻ ስንቅና መሣሪያ እንዲያመላልስ ከተሰበሰበው 15,000 ያህል ግመል ውስጥ በሕይወት የተረፈው እጅግ ጥቂት ነበር። ግመል ለበረሃ ሙቀት የተፈጠረ እንስሳ ነውና የጎጃም ዳገትና የደጋው ብርድ ፈጀው። ለአንዱ ሥፍራ የተሠራ ፍጥረት ወይም መሣሪያ ሥፍራው ሲለወጥበት ምን እንደሚደርስበት ይህ አንድ ትምህርት ነው። ወደ ኋላ እንደምናየው በራዲዮም ላይ ይኸው ዕጣ ተገልብጦ ደርሷል።

አምፑሉ ግን አንድ መልካም ጠባይ ነበረው፤ ይኸውም ቁጣውን በግልጽ ማሳየቱ ነው። ኦፕሬተሩ ራዲዮውን ከአንቴናው ጋር በሚገባ ሳያስማማው የላከ እንደ ሆነ ወደ አየር መውጣት የሚገባው ኃይል በውስጡ ተይዞ ይቀርና በአምፑሉ ውስጥ ያለው የብረት ሰሌዳ እንደ ፍም ይቀላል። ኦፕሬተሩም ይህን ባየ ጊዜ እጁን ከመላኪያው ያነሣል፤ ስሕተቱንም ያርማል። ደግሞም አምፑሉ በተፈጥሮው በብዙ መቶ ዲግሪ የሚግል ስለ ሆነ በዙሪያው ያለው አየር 15 ዲግሪም ይሁን 40 ዲግሪ ያን ያህል ግድ አይሰጠውም ነበር። ደጋና ቆላ ለእርሱ አንድ ናቸው።

ከዘመቻው በኋላ ባሉት ዓመታት ራዲዮ ከበቅሎ ጀርባ ወርዶ በወታደር ትከሻ ላይ ወጣ። የአሜሪካ እግረኛ ጦር ይሸከመው የነበረው ኤስ.ሲ.አር. 300 የተባለው ራዲዮ 18 አምፑሎች ነበሩት፤ ክብደቱ ከነባትሪው 15 ኪሎ ግራም ያህል ነበር፤ ወደ አየር የሚልከው ኃይል ግን አንድ ዋት እንኳ አይሞላም ነበር። የእኛ ቃኘው ሻለቃ በ1943 ዓ.ም. ወደ ኮርያ ዘምቶ በአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ሥር በተመደበ ጊዜ የጦር ሜዳ መገናኛ የነበረበት ደረጃ ይህ ነበር። ከዋት ያነሰ ድምፅ ለመላክ አንድ ጎልማሳ 15 ኪሎ ተሸክሞ ዳገት ይወጣ ነበር።

በዚህ መካከል በታኅሣሥ ወር 1940 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር በቤል ላቦራቶሪ የሚሠሩ ሦስት ሊቃውንት፥ ባርዲን፥ ብራቴይንና ሾክሌይ፥ ትራንዚስተርን ፈጠሩ። በ1949 ዓ.ም. ስለዚህ ሥራቸው የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ትራንዚስተር የሚግል ክር የለውም። እንደ ቅንጣት ያነሰ ነው፤ ሲከፍቱት ወዲያው ይሠራል፤ ባትሪም አይጨርስም። ስለዚህ ብዙ ሰዎች የራዲዮ ሙቀት ነገር ከእንግዲህ አበቃ ብለው አሰቡ።

አላበቃም፤ ሙቀቱ ተሸካሚውን ለወጠ እንጂ። አምፑል የሚቆጣው በግልጽ ነው፤ ትራንዚስተር ግን ሳይቀላ፥ ሳያጨስ፥ ሳያስጠነቅቅ በዝምታ ይሞታል። መጀመሪያ የተሠሩት ትራንዚስተሮች ጌርማኒየም ከሚባለው ንጥረ ነገር ስለ ነበሩ ከ75 እስከ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርስ ሙቀት ይበላሹ ነበር። ከዚህም የከፋ ጠባይ ነበራቸው። ሲሞቁ ከባትሪው የሚስቡት ኤሌክትሪክ ይጨምራል፤ ኤሌክትሪኩ ሲጨምር ደግሞ ይበልጥ ይሞቃሉ። በክፉ ቃል የተጀመረ ጠብ ሌላ ክፉ ቃል እየወለደ እስከ መጋደል እንደሚደርስ ሁሉ፥ ሙቀት ሙቀትን እየወለደ ዕቃውን ያጠፋዋል። በ1946 ዓ.ም. ከሲሊከን የተሠራ ትራንዚስተር ለገበያ በቀረበ ጊዜ ነገሩ ተሻሻለ፤ ሲሊከን 150 ዲግሪና ከዚያም በላይ ይችላልና።

አሁን ደግሞ ሙቀቱ በምን መንገድ እንደሚወጣ እንይ። ከአንድ ቡኮ ድፎ ዳቦና እንጀራ ብንጋግር፥ ከእሳቱ እንደ ወጡ እንጀራው በሰፌድ ላይ ተዘርግቶ ወዲያው ይበርዳል፤ ድፎው ግን ሆዱ ውስጥ ሙቀቱን ይዞ ለረጅም ሰዓት ይቆያል። ሊጡ አንድ ሲሆን ልዩነቱ ከአየር ጋር የሚገናኘው ገጽ ስፋት ነው። ትራንዚስተሩ ትንሽ ድፎ ነው። ስለዚህ መሐንዲሶች ከጀርባው ሰፊ አሉሚኒየም ያጣብቁበታል፤ አሉሚኒየሙንም እንደ መጽሐፍ ገጽ በቀጫጭኑ ይሰነጥቁታል፤ ገጹ በበዛ መጠን አየሩ ብዙ ሙቀት ይወስዳልና። በሁለቱ መካከል ደግሞ የአየር ክፍተት እንዳይኖር ሙቀት የሚያሳልፍ ቅባት ይቀባሉ። ቅባቱ ሲደርቅ ወይም ብሎኑ ሲላላ መንገዱ ይዘጋል፤ ያን ጊዜ የአሉሚኒየሙ ክንፍ ቢሰፋም አይረባም።

ነገሩን በቁጥር ብናየው ይበልጥ ይገለጻል። በእጅ የሚያዝ፥ 5 ዋት የሚልክ ራዲዮ ከባትሪው 12 ዋት ያህል ይስባል። አምስቱ በአንቴናው ወደ አየር ሲወጣ ሰባቱ በመዳፋችን ውስጥ ሙቀት ሆኖ ይቀራል። ለምሳሌ ያህል እያንዳንዱ ዋት የትራንዚስተሩን ልብ በዙሪያው ካለው አየር በላይ 10 ዲግሪ ያሞቀዋል እንበል። ሳያቋርጥ የሚልክ ከሆነ ሰባቱ ዋት 70 ዲግሪ ይሆናል ማለት ነው። ደብረ ማርቆስ ላይ አየሩ 16 ዲግሪ ሲሆን ልቡ 86 ይደርሳል። ይህንኑ ራዲዮ ይዘን ከደጀን ወደ ዓባይ ሸለቆ እንውረድ። ከ1,300 ሜትር በላይ ቁልቁል ነው፤ ታችኛው አየር በበጋ 38 ዲግሪ ቢሆን ልቡ 108 ይደርሳል። ሲሊከን ይችለዋል፤ የጥንቱ ጌርማኒየም ግን ደብረ ማርቆስ ላይ በጭንቅ ሲኖር ዓባይ ላይ ይሞት ነበር። ግመሉን ደጋ እንደ ገደለው፥ ራዲዮውን ቆላ ይገድለዋል።

ደጋውስ ያለ ዕዳ ነውን? አይደለም። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,450 ሜትር ከፍ ያለች ስለ ሆነች፥ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። አየሩ ቀዝቃዛ ቢሆንም ስስ ነው፤ ስስ አየር ደግሞ ከክንፉ ላይ የሚወስደው ሙቀት ያንሳል። በተለይ በማራገቢያ የሚቀዘቅዝ ራዲዮ ማራገቢያው በአንድ ዙር የሚገፋው የአየር ክብደት በሩብ ያህል ይቀንስበታል። ስለዚህ የደጋው ብርድ የሚሰጠውን የደጋው ስስነት በከፊል መልሶ ይወስደዋል። በባሕር ዳርቻ ተፈትኖ የተጻፈ መመሪያ በእኛ ተራራ ላይ ሲነበብ ይህን አስቦ ማንበብ ያስፈልጋል።

ሌላው የጎጃም ፈተና ክረምቱ ነው። የደጋ እረኛ ዝናብ ሲጥል ገሳውን ይደፋል፤ ገሳው ዝናቡን ይመልሳል፤ ከታቹ ክፍት ስለ ሆነ ግን ልጁ አይታፈንም። ራዲዮን ከዝናብ ለማዳን ብለን በወፍራም ቆዳና በላስቲክ ብንጠቀልለው ውሃው አይገባም፥ ሙቀቱም አይወጣም። መልካሙ ጥበብ የገሳው ጥበብ ነው፤ ከላይ መከለል፥ ከጎንና ከታች አየር መተው።

በዚህ ነገር ይህ ተናጋሪ ራሱ የተማረው አለ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለሥራ ወደ ጎጃም ስንሄድ መኪናችን በዓባይ ቁልቁለት ላይ ቆመች። ከባልደረቦቻችን አንዱ ብርቱ ትኩሳት ይዞት ስለ ነበር፥ ወደ ደጀን ቀድሞ ከወጣው ሁለተኛ መኪና ጋር መነጋገር ግድ ሆነ። በእጄ የነበረው ራዲዮ በወፍራም የቆዳ ማኅደር ውስጥ ሆኖ ረፋዱን ሙሉ በመኪናው መስተዋት ሥር ፀሐይ ሲመታው ቆይቷል። ጭንቀትም ስለ ያዘኝ ቁልፉን ተጭኜ ነገሩን ሁሉ ከመነሻው እስከ መድረሻው በአንድ ትንፋሽ ተረክሁ። ድምፄ አልደረሰም፤ ራዲዮው ከመጋሉ የተነሣ ኃይሉን ራሱ ዝቅ አድርጎ ነበር። አብረውን የነበሩት ሽማግሌ ቴክኒሽያን ራዲዮውን ከእጄ ተቀብለው ማኅደሩን አወለቁ፤ በመኪናው ጥላ ሥር፥ ነፋስ በሚያገኘው ድንጋይ ላይ አቆሙት። ከዚያም፥

«ልጄ፥ ይህ ዕቃ ሲሰማ ይበርዳል፤ ሲናገር ይግላል። አንተ ግን ነገር ታበዛበታለህ» አሉኝ።

ጥቂት ደቂቃ ከቆየን በኋላ እርሳቸው አራት ቃል ብቻ ተናገሩ። «ታመናል፤ ዓባይ፤ ቶሎ ተመለሱ።» ከዚያም ጣታቸውን አንሥተው አዳመጡ። መልሱ ወዲያው መጣ። ታማሚውም በዚያው ዕለት ከሐኪም ዘንድ ደረሰ።

የሽማግሌው ቃል ሳይንስ ያረጋግጠዋል። ምጣድ እሳት በተለኮሰበት ቅጽበት እንደማይግል ሁሉ ራዲዮም ወደ ከፍተኛው ሙቀቱ የሚደርሰው ቀስ በቀስ ነው፤ አጭር ተናግሮ ብዙ የሚያዳምጥ ሰው ያንን ወሰን ከቶ አይነካውም። የጥንቶቹ ኦፕሬተሮች ይልኩበት የነበረው የሞርስ ፊደል ሳያስቡት ይህን ዕረፍት በውስጡ ይዟል። የፍጥነት መለኪያ የሆነችው «ፓሪስ» የምትባለው ቃል ከ50 የጊዜ ልክ ውስጥ ቁልፉ የሚጫንባት በ22ቱ ብቻ ነው፤ ከመቶ 44 ማለት ነው። የቀረው ሁሉ ለዕቃው ዕረፍት ነው። ዛሬ በእጅ በሚያዙት ራዲዮዎች በድምፅ ስንናገር ግን ዝም ብንልም እንኳ ቁልፉ እስከ ተጫነ ድረስ ሙሉ ኃይል ይፈሳል።

በዓለም ላይ ይህን ጥበብ ከሚያጠኑት መካከል አማተር የሚባሉት አሉ። እነዚህ ደመወዝ ሳይከፈላቸው፥ ለዕውቀት ፍቅር ሲሉ በመንግሥት ፈቃድ ከሌላ አገር ሰዎች ጋር በራዲዮ የሚገናኙ ሰዎች ናቸው። በአገራችንም የኢትዮጵያ አማተር ራዲዮ ማኅበር በአዲስ አበባ፥ በአምስት ኪሎ የቴክኖሎጂ ተቋም ውስጥ ኢ.ቲ.3 ኤ.ኤ. በሚባል የጥሪ ምልክት ጣቢያ አቋቁሞ ወጣት ተማሪዎችን ሲያለማምድ ቆይቷል። ራዲዮን ተሸክሞ ተራራ ላይ ወጥቶ በትንሽ ኃይል ሩቅ መድረስ ከአማተሮች ዋና ደስታ አንዱ ነው፤ ያንን የሚወድ ሰው ደግሞ ሙቀትን ሳይማር አይዘልቅም።

ይህ ትምህርት ግን ለአማተሮች ብቻ የሚቀር አይደለም። ከአድማጮቻችን ብዙዎቹ ለመንገድ ሥራ፥ ለመሬት ልኬት፥ ለጤና ጥበቃ፥ ለእርሻ ምርመራ ወደ ገጠር ሠራተኛ የምትልኩ ናችሁ። መሣሪያውን ስታስረክቡ እነዚህን ነገሮች አብራችሁ አስረክቡ። ራዲዮው ፀሐይ ባለበት መኪና ውስጥ ተዘግቶ አይቅር፤ የዛሬው የሊቲየም ባትሪ ከ60 ዲግሪ በላይ ይጎዳልና። በሚላክበት ጊዜ ማኅደሩ ይከፈት። በዝቅተኛ ኃይል መድረስ ሲቻል ከፍተኛው አይነካ፤ አንቴናውም ሳይገጠም ቁልፉ አይጫን፤ ያለ አንቴና የተላከ ኃይል ተመልሶ የገዛ ዕቃውን ያቃጥላልና። ከሁሉ በላይ መልእክቱ አስቀድሞ በወረቀት ላይ ይጻፍ፤ የተጻፈ መልእክት ያጥራል፥ ያጠረ መልእክትም ዕቃውን ያሳርፋል።

እንግዲህ ታሪኩን ጠቅልለን ስናየው፥ የራዲዮ ሙቀት ከዘመን ወደ ዘመን ከአንዱ ተሸካሚ ወደ ሌላው ሲተላለፍ የኖረ ዕዳ ነው። በ1933 ዓ.ም. ከብቱ ተሸከመው፤ በኮርያ ዘመን ወታደሩ ተሸከመው፤ ዛሬ ዕዳው በመዳፋችን ውስጥ ስለ ሆነ የሚከፈለው በትዕግሥታችንና በቃላችን ቁጠባ ነው። በጎጃም ደጋ ላይ የነበሩት ሰዎች አንዲት መልእክት ስንት ከብት እንደምታደክም ያውቁ ስለ ነበር የማያስፈልግ ቃል አይልኩም ነበር። እኛም ቁልፉን ከመጫናችን በፊት ያንን የከብት ጀርባ እናስታውስ።